ተርም ፔፐሬ መረጃ ሞልቶታል፣ መከራከሪያ ግን የለውም ተባልኩ። ከየት ልጀምር?

የካዛንቺሷ

ሰላም ለቤቱ። ለማስተርስ ኮርስ የሚሆን ተርም ፔፐር እየጻፍኩ ነው። ርዕሱ «የቀበሌ ቤቶች በመሃል አዲስ አበባ፣ ከ1967 እስከ 2016» ይላል፤ የማተኩረው አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ ነው። የገጽ ገደቡ ደብል ስፔስ ሆኖ 20 ነው፤ እስካሁን 14 ገጽ አለኝ። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ መግቢያ፣ ከ1967 በፊት የነበረው የኪራይ ሁኔታ፣ አዋጅ ቁጥር 47/1967 (የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው)፣ የደርግ ዘመን፣ ከ1983 ወዲህ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የኮሪደር ልማት፣ ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ።

አማካሪዬ ረቂቁን አይተው ዳር ላይ አንድ መስመር ብቻ ጽፈው መለሱልኝ፦ «ትረካው ጥሩ ነው፤ የምትከራከሪው ግን ምኑን ነው?» መግቢያው ላይ ያለኝ «ይህ ጽሑፍ የቀበሌ ቤቶችን ታሪክ፣ ችግሮችና የመፍትሔ አማራጮች ይዳስሳል» የሚል ነው። አሁን የጻፍኩትን ልጣለው ወይስ መግቢያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብጨምር ይድናል? ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።

ቀይ እስክሪብቶ

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር አያድነውም፤ 14ቱን ገጽ መጣልም አያስፈልግም። ብዙው ቦታ ቀይሮ ያገለግላል።

አሁን መግቢያሽ ላይ ያለው ርዕሱን በሌላ ቃል መድገም ነው። ማንም ተነሥቶ «የለም፣ አይዳስስም» ሊልሽ አይችልም። መከራከሪያ የሚባለው ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው በማስረጃ ሊቃወመው የሚችል፣ አንቺ ደግሞ በተሰጠሽ ገጽና ጊዜ ውስጥ በማስረጃ ልታቆሚው የምትችይው ሐሳብ ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በመጀመሪያው ነው፤ ደፈር ያለው ደግሞ በሁለተኛው ይወድቃል።

በራስሽ ርዕስ እንየው። «የመሃል ከተማ የቀበሌ ቤቶች አርጅተዋል» ብትይ ከካዛንቺስ እስከ ፒያሳ የሚቃወምሽ የለም፤ ስለዚህ አይሆንም። «ያረጁት በመንግሥት ቸልተኝነት ነው» ብትይ የሚቃወም ይኖራል፤ ግን ቸልተኝነትን በምን ትለኪዋለሽ? የትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ዓመት? ሦስተኛው ሙከራ እንዲህ ይሁን እንበል፦ «የመሃል አዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶች ለመጎሳቆላቸው ዋናው ምክንያት ሲወረሱ ደካማ መሆናቸው ሳይሆን፣ ከአዋጅ 47/1967 በኋላ ኪራያቸው ዝቅ ብሎ ሳይነካ መቆየቱና ጥገናቸውም በዚያው ኪራይ ለሚተዳደር ቀበሌ መተዉ ነው።» እውነት ነው አላልኩም። ሊፈተን ይችላል ነው ያልኩት።

አሁን ዓረፍተ ነገሩን ፍቺው። ሦስት ዕዳ አለበት። አንደኛ፣ ኪራዩ በእርግጥ ዝቅ ብሎ እንደቆየ ማሳየት አለብሽ። ሁለተኛ፣ ጥገናው የቀበሌው ኃላፊነት እንደነበረና የሚሰበሰበው ኪራይ እንዳልበቃ። ሦስተኛ፣ ለጉስቁልናው ዋናው ምክንያት ይሄ እንጂ ሌላው እንዳልሆነ። የወረቀትሽ ክፍሎች እነዚህ ሦስት ዕዳዎች ናቸው። «የደርግ ዘመን» እና «ከ1983 ወዲህ» የሚሉ ርዕሶች ከእነዚህ አንዱንም አይከፍሉም፤ ጊዜ ያሳልፋሉ እንጂ።

ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ገጹም ወደዚያ መሄድ አለበት። «ከዚህ በኋላ ስለሆነ በዚህ ምክንያት ነው» ማለት አያስኬድም። ማነጻጸሪያ ያስፈልግሻል፤ እሱን ደግሞ ራሱ የአዋጁ አፈጻጸም ሰጥቶሻል። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ድርጅት። በአንድ ቀን ተወርሰው ሁለት አስተዳዳሪ አገኙ ማለት ነው። የ20 ብር ጭቃ ቤትን ከ400 ብር ቪላ ጋር ካነጻጸርሽ ማንም ይስቅብሻል፤ ከመጀመሪያውም አንድ አልነበሩምና። የ85 ወይም የ90 ብር ቤትን ከ110 ወይም ከ120 ብር ቤት ጋር ካነጻጸርሽ ግን ሲወረሱ ተቀራራቢ የነበሩ ቤቶች በኋላ የተለያዩት በምን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። በአንድ ሰፈር ውስጥ እንደዚህ ያሉ ስድስት፣ ስምንት ጥንዶች ብታገኚ ለተርም ፔፐር ይበቃል፤ ድምዳሜሽን ለከተማው ሁሉ እስካልዘረጋሽው ድረስ።

ገጹን እንዲህ ብታከፋፍዪው፦ መግቢያ 2፤ ዳራና ቀደም ያሉ ጥናቶች አንድ ላይ 3፤ የኪራዩ ጉዳይ 3፤ የጥገናው ጉዳይ 3፤ ንጽጽሩ 4 ተኩል፤ ተቃራኒ ማብራሪያዎች 3፤ ማጠቃለያ 1 ተኩል። ይህ 20 ነው። አሁን ባለሽ ረቂቅ ከ1967 በፊት ያለው ብቻ ስንት ገጽ ወስዷል? ከሦስት በላይ ከሆነ በሽታው እዚያ ነው።

መዝገብ ቤት

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። መከራከሪያውን አስቀድሞ አሳምሮ ጨርሶ ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ መውጣት ያስፈራኛል። የሚስማማሽን ሰነድ ብቻ እያየሽ የማይስማማውን ታልፊዋለሽ። ዓረፍተ ነገሩን «ለጊዜው» ብለሽ ያዢው፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንደሚለወጥ አስቢ።

በተግባር፦ አንድ ሠንጠረዥ ክፈቺ፣ በኤክሴልም በደብተርም ይሁን። አራት ዓምድ። ማስረጃው ምንድን ነው፤ በትክክል ምን ይላል፤ ከሦስቱ ዕዳዎች የትኛውን ይከፍላል፤ ምን ሊያሳይ አይችልም። አራተኛውን ዓምድ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ገምጋሚ ፊት ስትቀርቢ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው።

ምሳሌ ልስጥሽ። የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ተካሂዷል። ከቀበሌ የተከራየው ቤት ምን ያህል እንደሆነና ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ታገኚበታለሽ። የማይነግርሽ ደግሞ ቤቱ መቼ እንደተጠገነና በምን ምክንያት እንደተጎዳ ነው። የእንጨትና ጭቃ ግድግዳ መሆኑ በራሱ ቤቱ ተጎሳቁሏል ማለት አይደለም፤ በየጊዜው የሚመረግ ጭቃ ቤት ብዙ ዘመን ይኖራል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በ1987 አዲስ አበባ በ28 ወረዳ ተከፍላ ነበር፣ በ1999 ደግሞ በ10 ክፍለ ከተማ። የቀበሌው ቁጥር አንድ ስለሆነ ቦታውም አንድ ነው ብለሽ ሁለቱን ቆጠራ ጎን ለጎን ካስቀመጥሽ ቁጥሩ ትክክል፣ ንጽጽሩ ሐሰት ይሆናል። የቀበሌ ደረጃውን ትተሽ ሰፈሩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቁን ክልል ውሰጂ፤ ለምን እንዲህ እንዳደረግሽም በግርጌ ማስታወሻ አንድ መስመር ጻፊ።

አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣ ራሱ አንብቢው፤ ሰው ከጠቀሰው ላይ አትጥቀሺ። ቀኑ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። የዚያን ወርና የተከታዮቹን ወራት አዲስ ዘመን ጋዜጣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወይም ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ጠይቂ። ጋዜጣው መንግሥት ምን እንደተናገረ ያስረዳል፤ በየሰፈሩ ምን እንደተደረገ ግን አያስረዳም። ይሄም ወደ አራተኛው ዓምድ ይግባ።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ሦስተኛውን ዓምድ ወደ ታች ተመልከቺ። አንዱ ዕዳ አሥራ ሁለት ማስረጃ፣ ሌላው አንድ ብቻ ካለው፣ ወይ ፍለጋሽን ወደዚያ ታዞሪያለሽ፤ ወይ መከራከሪያውን ታጠቢዋለሽ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ማጥበቡ ይሻላል።

የካዛንቺሷ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀይ እስክሪብቶ፣ እርስዎ እንደገመቱት ከ1967 በፊት ያለው ብቻ አምስት ገጽ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ኮንዶሚኒየሙና ኮሪደር ልማቱ በዚህ አከፋፈል የት ይገባሉ? ርዕሴ እስከ 2016 ይላል፤ ፒያሳና ካዛንቺስን ጽፌ ኮሪደሩን ብዘለው አንባቢ ይታዘበኛል። ሁለተኛ፣ ቀደም ያሉ ጥናቶችን እስካሁን እያንዳንዱን በአንድ አንቀጽ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲህ አለች እያልኩ። ይህም ይቀየር?

ቀይ እስክሪብቶ

ይቀየር። ጥናቶቹን በሰው ሳይሆን በአቋም ሰብስቢያቸው። ጉስቁልናውን ከቤቶቹ አሠራር ጋር የሚያያይዙ አንድ ወገን፤ ከኪራይ ፖሊሲው ጋር የሚያያይዙ ሌላ ወገን፤ ከመሬትና ከመልሶ ማልማት ሥጋት ጋር የሚያያይዙ ሦስተኛ። ሦስት አንቀጽ ይበቃል። በአራተኛው አጭር አንቀጽ የቱ ጥያቄ ክፍት እንደቀረ ተናግረሽ የራስሽን ታስገቢያለሽ። አንድ ጥናት ከሦስቱ በአንዱም ካልገባ ምናልባት ወረቀትሽ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ስላነበብሽው ብቻ መጠቀስ የለበትም።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስመጣ፣ ጥያቄው የትኛው ዓመት ላይ ይግባ ሳይሆን ለመከራከሪያሽ ምን ይሠራል ነው። ከ1997 አካባቢ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ግንባታና የመልሶ ማልማት ወሬ ሲመጣ የቀበሌ ቤት ተከራይ «ነገ ለሚፈርስ ቤት ለምን ጣሪያ እቀይራለሁ?» ሊል ይችላል። ይህ ካንቺ ማብራሪያ ጋር የሚፎካከር ማብራሪያ ነው። ስለዚህ ራሱን የቻለ ክፍል አይሆንም፤ ተቃራኒ ማብራሪያዎች ውስጥ አንድ ገጽ ይይዛል። የምትፈትኚውም በጊዜ ነው፦ ቤቶቹ ከ1997 በፊት ተጎሳቁለው ከነበረ የመፍረስ ሥጋቱ አባብሶት ይሆናል እንጂ አልጀመረውም።

ኮሪደሩን ቁረጪው። በ2016 የፈረሰ ቤት ከ1967 ጀምሮ ለምን እንዳረጀ ምንም አይነግርሽም። ማጠቃለያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ንጽጽሩን በአካል ማየት የሚቻልባቸው ቤቶች እየጠፉ መሆኑን ለማስታወስ። ርዕሱንም እስከ 1996 አድርጊው። ያኔ አንባቢ የሚታዘብሽ ነገር አይኖርም፤ የሚታዘበው ቃል ገብተሽ ስትቀሪ ነው።

ከ1967 በፊት ያለው አምስት ገጽ ወደ አንድ ተኩል ይውረድ። ከእሱ የምትፈልጊው ቤቶቹ ሲወረሱ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩና ኪራያቸው ስንት እንደነበረ ብቻ ነው። ሌላውን በተለየ ፋይል አስቀምጪው፤ አትሰርዢው፤ ሰው የለፋበትን መሰረዝ ስለሚከብደው ነው ወረቀት የሚያብጠው።

አሁን ወደ አንቀጽ እንውረድ፤ የወረቀት አወቃቀር የሚለየው እዚያ ነው። የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀድተሽ በሌላ ገጽ ላይ ደርድሪ። በ20 ገጽ ደብል ስፔስ ከ35 እስከ 45 አንቀጽ ይኖርሻል። ለብቻቸው ሲነበቡ ክርክሩ ከተሰማ አወቃቀሩ ቆሟል። «ከዚያም»፣ «በመቀጠልም»፣ «በተጨማሪም» እያሉ የሚነሡ ከበዙ ገና ትረካ ላይ ነሽ። «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ይህ የሆነው» ሲበዙ ክርክር ውስጥ ገብተሻል። ቃሉን ብቻ መቀየር አይሠራም፤ «በመቀጠልም»ን አውጥተሽ «ስለዚህ»ን ብትተኪ ከፊቱ ያለው አንቀጽ የኋላውን የማያስከትል ከሆነ ወዲያው ያስታውቃል።

አንድ አንቀጽ ላሳይሽ። የረቂቅሽ ዓይነቱ፦ «ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራይንም ቀነሰ።» ሁሉም ልክ ነው፣ የሚያደርሰው ግን የትም የለም። ይኸው መረጃ በሥራ ላይ ሲውል፦ «ቀበሌዎች ቤቶቹን የተረከቧቸው ገና ከመነሻው በቀነሰ ገቢ ነው። አዋጅ 47/1967 እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ሲቀንስ፣ ትልቁ ቅናሽ የወደቀው ዝቅተኛ ኪራይ ላይ ነበር፤ ወደ ቀበሌ የሄዱትም እነዚያው ናቸው።» ቀኑ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ወረደ፣ መቶኛው ወደ ፊት መጣ። የሁለተኛውን ክፍል በር የሚከፍተውም ይሄው ነው፤ አንባቢው «ታዲያ በዚህች ገንዘብ ጥገናው እንዴት ሆነ?» ብሎ ራሱ ይጠይቅሻል።

መዝገብ ቤት

ተቃራኒ ማብራሪያን ሁሉ መጨረሻ ላይ መከመር ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። «ቤቶቹ ሲወረሱም ደካማ ነበሩ» የሚለውን አንባቢ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ እያሰበው ነው፤ እስከ 16ኛው ገጽ ካልመለስሽለት በመሃል ያለውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። እሱን ንጽጽሩ ውስጥ መልሺው፤ ጥንዶቹን የመረጥሽውም ለዚሁ ነው። የመፍረስ ሥጋቱ ግን ዘግይቶ የመጣ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ቢቆይ ችግር የለውም። እንዲህ ካደረግሽ ንጽጽሩ ከ4 ተኩል ወደ 5 ተኩል ያድጋል፣ ተቃራኒው ከ3 ወደ 2 ይወርዳል።

ቃለ መጠይቅ ካለሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። የነዋሪ ንግግር ስድስት መስመር ቀድቶ ያለ ማብራሪያ መተው የተለመደ ነው። ከአንድ ሰው ከሁለት መስመር በላይ አትቅጂ፤ ከጥቅሱ ቀጥሎም ለየትኛው ዕዳ እንደሆነ ተናገሪ። ተከራዩ «ቀበሌው አንድም ቀን አልጠገነልንም» ሲል የሚያስታውሰውን ነው የሚነግርሽ። የጥገና ጥያቄ ማመልከቻ ቅጂ ካለው ጠይቂው፤ በመሃል ከተማ እንዲህ ያለ ወረቀት በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ያላስቀመጠ የድሮ ተከራይ ጥቂት ነው።

ግርጌ ማስታወሻ

ከክርክሩ ወጣ ያለ፣ ግን ነጥብ የሚያስቀንስ ነገር ልጨምር። ዞቴሮ (ዋቢ የሚያደራጅ ሶፍትዌር) የምትጠቀሚ ከሆነ የኢትዮጵያ ስም ስታስገቢ ሁለቱን የስም ሳጥን ወደ አንድ ቀይሪውና ሙሉ ስሙን እንዳለ ጻፊ። አለዚያ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ይገለብጠዋል፤ ደራሲው በአባቱ ይጠራል፣ በዋቢ ዝርዝሩም የማይገባው ፊደል ስር ይገባል። ይህን በመጨረሻው ሌሊት ማረም ጣጣ ነው፤ ዛሬውኑ አስተካክዪው።

የዘመን አቆጣጠርን መጀመሪያ ላይ ወስኚ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ከሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር ሂጂ፤ የሰነዶቹን የመጀመሪያ ቀን ግርጌ ላይ አብረሽ አስቀምጪ። ሁሌ ስምንት መደመር ያሳስታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው። ሐምሌ 1967 ላይ ስምንት ትደምሪና 1975 ይመጣል፤ የጥቅምት 1987ቱ ቆጠራ ግን 1994 ነው፣ 1995 አይደለም።

በአማርኛ ካታሎግ ስትፈልጊ ደግሞ ፊደሉን እየቀያየርሽ ሞክሪ። «ሕዝብ» ብለሽ ያጣሽው «ህዝብ» በሚለው ስር ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል።

የካዛንቺሷ

እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ ከማስፋፋቴ በፊት እዩልኝ። «ከ1967 እስከ 1996 በአራት ኪሎና በካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች የተጎሳቆሉበት ብቸኛ ምክንያት የኪራይ መቀነስና የጥገና ለቀበሌ መተው ነው፤ ይህም በ100 ብር ወሰን ግራና ቀኝ የነበሩ ቤቶችን በማነጻጸር ይረጋገጣል።» ፒያሳን አወጣሁት፤ ጥንድ ቤት አላገኘሁበትም።

ቀይ እስክሪብቶ

ፒያሳን ማውጣትሽ ልክ ነው። «ብቸኛ» የምትለዋን «ዋና» በያት፤ አንድ ሌላ ምክንያት ያመጣ ሰው ወረቀቱን በሙሉ እንዳያፈርስብሽ። «ይረጋገጣል»ንም ዝቅ አድርጊው፤ ስድስት ጥንድ ቤት ያመለክታል እንጂ አያረጋግጥም።

ረቂቁን ገና አትንኪው። አንድ ገጽ ብቻ አዘጋጂ፦ ይህን የታረመ ዓረፍተ ነገር፣ ሦስቱን ዕዳዎች፣ በየዕዳው ስር በእጅሽ ያለውን ሁለት ወይም ሦስት ማስረጃ፣ ገና ያላገኘሽውን፣ የገጽ ክፍፍሉን። እሱን ነገ ለአማካሪሽ ላኪ። ስድስት ገጽ ጽፈሽ ከሚመልሱልሽ በአንዱ ገጽ ላይ ቢቃወሙሽ ይቀላል። ምክረ ሐሳቡን ደግሞ መምሪያው ግድ ካላለሽ አውጪው፤ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጠው» የሚለውን ከሦስቱ ዕዳዎች አንዱም አልጠየቀም።